በድሬዳዋ የሚያቀዘቅዝ፣ በሐረር የሚያሞቅ፦ ባለ ኢንቨርተር ኤሲ የመግዛትና የማስገጠም ግምገማ

ድሬዳዋ ውስጥ ለመኖሪያ ቤቱ ኤሲ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማሽኑ ስምና ዋጋ ነው። በዚህ ግምገማ ግን ከማሽኑ ይልቅ ስለ ገጠማው ብዙ እጽፋለሁ። ምክንያቱም አንድ ዓይነት ማሽን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችንና ሐረር ባለው የእናቴ ቤት አስገጥሜ፣ በአንደኛው ሙቀቱን በሌላኛው ብርዱን ካሳለፍን በኋላ፣ የደስታውም የቅሬታውም ምንጭ ግድግዳው ላይ የዋለው የግማሽ ቀን ሥራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ማሽኑ ቻይና ሠራሽ፣ 12,000 ቢቲዩ፣ ማለትም ወደ 3.5 ኪሎዋት ገደማ የማቀዝቀዝ አቅም ያለው፣ የሚያቀዘቅዝም የሚያሞቅም ባለ ኢንቨርተር ኤሲ ነው፤ ኢንቨርተር የሚባለው የኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም ጋዙን የሚያምቀውን ሞተር፣ ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል ነው። ምህንድስናው ሂት ፓምፕ ይለዋል። እንደ ምድጃ ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሙቀት አይፈጥርም፤ ያለውን ሙቀት ከአንድ ቦታ አንስቶ ወደ ሌላ ያጓጉዛል። በሙቀት ወራት የክፍሉን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል፤ በብርድ ሌሊት ደግሞ ውስጡ ያለ አራት መንገድ ቫልቭ ሙቀቱን የሚሸከመውን ጋዝ ጉዞ ገልብጦ የውጩን አየር ሙቀት ወደ ቤት ያስገባል። በዚህም የተነሳ አንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት በልቶ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፤ ሽቦው የሚግለው ተራ ማሞቂያ ግን የበላውን ያህል ብቻ ይመልሳል።

ለድሬዳዋ ብቻ ለሚገዛ ሰው የማሞቅ ችሎታው ብዙም አያስፈልገውም። ሐረርን ላሰበ ግን ከሁሉ በፊት መጣራት ያለበት ይኸው ነው። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የሚያቀዘቅዙ ብቻ ሲሆኑ፣ ሻጩ ሪሞቱ ላይ ያለችውን የፀሐይ ምልክት አሳይቶ «ያሞቃልም» ሊል ይችላል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለሁለቱም ዓይነት አንድ ሪሞት ስለሚያቀርቡ ምልክቷ ማስረጃ አትሆንም። እውነቱ የተጻፈው ውጭ በሚቀመጠው አካል ጎን በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ነው፦ ከማቀዝቀዝ አቅም ሥር የማሞቅ አቅም በቁጥር ከሌለ፣ ማሽኑ አያሞቅም። እዚያው ሰሌዳ ላይ 50 ሄርዝ የሚል መኖሩንም ማየት ይገባል፤ ሳዑዲ ዓረቢያ 60 ሄርዝ ስለምትጠቀም ለእሷ ገበያ ብቻ የተሠራ ማሽን ለእኛ መስመር አይመከርም። ቲ1 ወይም ቲ3 የሚለውም ዝም ብሎ የሚታለፍ ጽሑፍ አይደለም። የቲ1 አቅም የሚለካው የውጩ አየር 35 ዲግሪ ሲሆን ነው፣ የቲ3 ደግሞ በ46። የድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ቀትር ላይ 35 ዲግሪን ስለሚያልፍ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ የሚሰቀል ማሽን የሚስበው አየር ደግሞ ከዚያም የባሰ የጋለ ስለሚሆን፣ ጥቂት ተጨምሮም ቢሆን ቲ3 መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። ጋዙን በተመለከተ አር32ም አር410ኤም የሚባሉት ዓይነቶች ቀርበውልኝ ነበር፤ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ቢያመልጥ ከባቢ አየርን የማሞቅ ጉልበቱ የሁለተኛውን ሲሶ ገደማ ብቻ ነው፤ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ግን አያያዙን የሚያውቅ ባለሙያ ይጠይቃል።

መጠኑን ስንመርጥ ሻጮች የክፍሉን ካሬ ሜትር ብቻ ይጠይቃሉ። ይህ በቂ አይደለም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያሉት የባቡሩ ዘመን ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ጥላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው አየር ብዙ ቢሆንም ሙቀቱ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ሳቢያን ያለው የእኛ ቤት በአንጻሩ ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ ሳይኖረው በፊት ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ራሱ ምጣድ ነበር። ስለዚህ ኤሲ ከመግዛታችን በፊት ኮርኒስ አሠራን፣ የምዕራቡን መስኮት በወፍራም መጋረጃ ዘጋን። በዚህ ምክንያት 18,000 ይገዛ የተባለው ክፍል በ12,000 ተመልሷል፤ ለኮርኒሱ ያወጣነውን ብር ማሽን ላይ ጨምረነው ቢሆን ይህን ያህል አናገኝም ነበር። ከፍታም መታሰብ አለበት። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ በሆነችው ድሬዳዋ አየሩ ከወደብ ከተማ አየር በስምንተኛ ያህል፣ ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነችው ሐረር ደግሞ በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቬንትሌተሩ በየዙሩ የሚገፋው አየር ክብደት ስለሚቀንስ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አቅም በሙሉ አይገኝም፤ ክፍሉ ለሁለት መጠኖች ወሰን ላይ ከሆነ ትልቁን መያዝ ይገባል።

በውኃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ለምን ተውኩት ለሚል ሰው፣ በደረቁ ወራት መልካም ነው፣ ብዙ መብራትም አይበላም። ነገር ግን ማንቆርቆሪያችንን ነጭ የሚያለብሰው የድሬዳዋ ውኃ የማሽኑን ማርጠቢያም ቶሎ ድንጋይ ያደርገዋል፤ ክረምት ላይ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ደግሞ ሥራው ይደክማል።

አሁን ወደ ገጠማው። ሻጩ «ገጠማ በነጻ» ብሎ ነበር የሸጠልን። ነጻው ግን ለሦስት ሜትር ቱቦ ብቻ ሆኖ ቀሪው በሜትር ተከፈለ፤ ይህን ደረሰኝ ከመቆረጡ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለሙያው የመጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ እኔም አጥብቄ የጠየቅኩት ይህንን ሰዓት ነበር። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ እንደምታርፍ የሚያውቅ ሰው፣ ረፋድ ላይ የተጀመረ ሥራ ተንጠልጥሎ እንደሚያድር አይጠፋውም። ባለሙያው እጁ ፈጣን፣ ግድግዳ አበሳሱም ንጹሕ ነው፤ ቀዳዳውን ወደ ውጭ በትንሹ ዘቅዘቅ አድርጎ ስለበሳው ከውስጥ የሚወርደው ውኃ ያለ ችግር ይፈስሳል። ያልተስማማነው በሁለት ነገር ነው።

የመጀመሪያው የውጩ አካል የሚሰቀልበት ቦታ ነበር። ለቱቦው የሚያጥረው የምዕራቡ ግድግዳ ነው፤ ግን ፀሐይ የምትበረታው ከሰዓት በኋላ በዚያ በኩል ነው። «ሰሜን ጥላ ነው» የሚለው የመመሪያ መጽሐፍ ምክርም ለእኛ አይሠራም፤ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ብንሆንም ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከግንቦት እስከ ሐምሌ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ትዘነብላለች። ስለዚህ ሁለት ሜትር ቱቦ ጨምረን በምሥራቁ ግድግዳ፣ ከክዳኑ ጥላ ሥር፣ ከኋላው ከአሥር ሴንቲሜትር በላይ፣ ከፊቱ ደግሞ ከአንድ ሜትር የማያንስ ክፍት ቦታ ትተን አሰቀልነው። ጠዋት ፀሐይ ይመታዋል፤ ከቀትር በኋላ ግን በጥላ ይውላል።

ሁለተኛው ከቱቦዎቹ ውስጥ አየሩንና እርጥበቱን መጥጦ የሚያወጣው የቫኪዩም ፓምፕ ጉዳይ ነው። ቱቦዎቹ ከተገናኙ በኋላ ባለሙያው የጋዙን ቫልቭ ጥቂት ከፍቶ አየሩን ሊያስወጣ ሲል አስቆምኩት። «አቦ አታካብድ፣ ጋዙ ራሱ አየሩን ገፍቶ ያወጣዋል» አለኝ። ጋዙ የተወሰነውን አየር ይገፋል፤ እርጥበቱን ግን አያደርቀውም። እርጥበት ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፣ ጉዳቱም የሚታየው ዋስትናው ካለቀ በኋላ ነው። የቀረው አየር ደግሞ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ማሽኑን በከንቱ ያደክማል። ፓምፑ ከሌላ ባለሙያ በኪራይ መጣ፤ እስከ 500 ማይክሮን (በጣም ዝቅተኛ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ድረስ አየሩ ተመጥጦ፣ ፓምፑ ከቆመ በኋላ ጌጁ አለመውጣቱ ለሃያ ደቂቃ ያህል ታይቶ፣ ከዚያ ጋዙ ተለቀቀ። በየነቱ ላይ የሳሙና አረፋ ተቀብቶ ሲታይ ከአንደኛው ጥቃቅን አረፋ ተነሳ። ነቱ ተፈትቶ የመዳብ ቱቦው ጫፍ ሲታይ በአንድ በኩል ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረችበት፤ ጫፉ ተቆርጦ አፉ እንደገና ተለጥጦ ታሰረ። ያቺ ስንጥቅ ሳትታይ ብትቀር ኖሮ በዓመቱ «ጋዝ ጨረሰ» ይባል ነበር። ኤሲ ግን ጋዝ አይጨርስም፤ በትክክል የታሰረ ማሽን የፋብሪካው ጋዝ ለዓመታት ይበቃዋል። በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላ ሰው የሚከፍለው ያልተጠገነ ቀዳዳ ዋጋ ነው።

የመብራቱን ሥራ በአጭሩ ልግለጸው። ከሳጥኑ ለብቻው የወጣ 2.5 ካሬ ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ እውነተኛ ግራውንድ፣ እንዲሁም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያበራ የቮልቴጅ መከላከያ። የመጨረሻው ለድሬዳዋ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ የኢንቨርተሩ ቦርድ ከተቃጠለ ለማግኘትም ለመግዛትም ከባድ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ውጤቱ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሲነሳ አንድ ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ኢንቨርተሩ የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት ዝቅ ስለሚያደርግ ፍጆታው በጣም ይወርዳል። የቤት መብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚያድግበት እንደመሆኑ፣ ይህ ልዩነት ካርድ ስንሞላ ይታወቃል። በ18 ዲግሪ ከማስጨነቅ ይልቅ 26 ላይ አድርጎ የጣሪያ ቬንትሌተር መጨመር ለእንቅልፍም ይስማማል። አቧራው ብዙ ስለሆነ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ እናጥባለን፤ የውጩን አካል ግን በቧንቧ ውኃ ከማጠብ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ እናራግፋለን፣ ውኃው ስስ ክንፎቹ ላይ ነጭ ቅሪት ይተዋልና። ከውስጡ የሚንጠባጠበውን ውኃ በጀሪካን እንይዘዋለን፤ አይጠጣም፣ ጨው የሌለበት ስለሆነ ግን ለአበባ ከቧንቧው ይሻላል።

ሐረር ሌላ ታሪክ ነው። የእናቴ ቤት ከጀጎል ግንብ ውጭ ስለሆነ ግድግዳ መብሳት አላስቸገረንም፤ ጀጎል ውስጥ ላለ ሰው ግን፣ ከተማይቱ በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበች ቅርስ ስለሆነች፣ ሳያስፈቅዱ የድንጋይ ግንብ መንካትም የውጩን አካል ለመንገድ ማሳየትም አይገባም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ እናቴ ከሰል አቀጣጥላ ክፍል ውስጥ ታስገባ ነበር፤ በሮቹ ተዘግተው ከሰል ማንደድ ሰው እንደሚገድል እየነገርናትም ቢሆን። የሐረር ሌሊት ለዚህ ማሽን ከባድ ብርድ አይደለም፤ ውጩ አሥር ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ያለ ጭንቀት ያሞቃል፣ የውጩ አካል በረዶ ይዞ ሲቆምም አላየሁም። ጉድለቱ ሙቅ አየር ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ማሽን መጀመሪያ ኮርኒሱን ያሞቃል፣ እግር ግን ይቀዘቅዛል። የአየር መውጫ ክንፎቹን ወደ ታች አዙሮ የቬንትሌተሩን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ብዙውን ያስተካክላል። ማሽኑ ለማሞቅ ብቻ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ከወለሉ አጠገብ የሚቆመውን ዓይነት እመርጥ ነበር። እናቴ አየሩ ጉሮሮዋን እንደሚያደርቅ ትናገራለች፤ ሆኖም ከሰሉን ትታለች።

ለማሽኑ ከፍ ያለ፣ ለባለሙያው ፓምፑ ከመጣ በኋላ ላለው ሥራው መልካም ምልክት እሰጣለሁ። ለመደብሩ ግን አልሰጥም። ከወር በኋላ በነጻ ይመጣል የተባለው ፍተሻ ደጋግመን እስክንደውል አልመጣም፤ የመጣው ሰውም ሪሞቱን ከፍቶ ዘግቶ ሄደ። ዋስትናው የተሰጠው በቃል ሲሆን፣ ደረሰኙ ላይ የውጩንም የውስጡንም አካል መለያ ቁጥር ያስጻፍነው እኛው ለምነን ነው። ለሐረሩ ማሽን ይህንን አስቀድመን ስለጠየቅን ሻጩ ቁጥሮቹን፣ የኮምፕሬሰሩን ዋስትና ዘመንና ቫኪዩም መደረጉን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጥቶናል፤ ለዚህም ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቀም።