ፖሊስተር ወይስ ኢፖክሲ? ጄት ስኪያችንን ከመቀባታችን በፊት ለስንጥቁ የቱን እንግዛ

ጄት ስኪ ሊቀባ ሲል ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚመድበው ለቀለሙ ነው። ስንጥቁን በቅርብ በተገኘ ስቱኮ ደፈን አድርጎ ያልፈዋል። ቀለሙ ሲደርቅ ያምራል። ጥቂት ማዕበል ሲመታው ግን ያው መስመር ቀለሙን ሰንጥቆ ይወጣል። ስንጥቅን ቀለም አይዘውም። የሚይዘው ከሥሩ የሚገባው ሬዚን (ተቀላቅሎ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) እና የመስታወት ክር ጨርቅ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ የሚሰሰትበት ቦታ እዚህ አይደለም።

ገበያ ላይ አራት ነገር ይጠብቃችኋል፦ ፖሊስተር ሬዚን፣ ኢፖክሲ ሬዚን፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የኢፖክሲ ፑቲ እና የመኪና ስቱኮ። ሐሳቤን ከፊት ልናገር። ሥራው የሚያልቀው በቀለም ከሆነ ኢፖክሲ ግዙ።

ከዚያ በፊት ግን ጄት ስኪያችሁ ከምን እንደተሠራ እወቁ። የሞተሩን ክፍል ክፈቱና የአካሉን የውስጥ ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱት። ሻካራ ሆኖ የመስታወት ክሩ ከታየ የተለመደው ፋይበርግላስ ነው። ውስጡም ውጭውም ለስላሳ ከሆነ ኤስ ኤም ሲ የሚባለው፣ በሙቀትና በፕሬስ ተጨምቆ የሚሠራው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ብዙ የያማሃና የካዋሳኪ ሞዴሎች እንዲህ ናቸው። ኤስ ኤም ሲ ሲመረት ከቅርጹ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚያደርግ ነገር ይደባለቅበታል። ፖሊስተር በዚያ ላይ አጥብቆ አይይዝም። ስለዚህ ኤስ ኤም ሲ ከሆነ ክርክር የለም፤ ኢፖክሲ ነው።

ከሁለቱም የሚለይ ደግሞ አለ። ከ2014 ሞዴል ጀምሮ የመጣው ሲ-ዱ ስፓርክ አካሉ ፖሊቴክ ነው፤ መሠረቱ ፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ነው። እሱ ላይ ፖሊስተሩም ኢፖክሲውም ቆይቶ ይላጣል። የሚጠገነው በፕላስቲክ ብየዳ ነው። ስፓርክ ያላችሁ ሰዎች ለሬዚን ገንዘብ አታውጡ።

ቀጥሎ ስንጥቁን እዩት። ቦታውን በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ አሴቶን በነካ ጨርቅ አንድ ጊዜ ጥረጉት። ፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ይደርቃል። ስንጥቁ ውስጥ የገባው አሴቶን ግን ይዘገያልና ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። በዓይን ያላያችሁት ቅርንጫፍ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይታያል። ወዲያው በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በመዳፋችሁ ጫን በሉት። አካሉ ከተለጠጠ ወይም በሳንቲም ሲመታ ድምፁ ከጎኑ ካለው ይልቅ የታፈነ ከሆነ ጉዳቱ እስከ ክሩ ደርሷል። ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነና ምንም ካልተለጠጠ የላይኛው ጄልኮት፣ ማለትም ከፋብሪካ የመጣው አንጸባራቂ ሽፋን ብቻ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ይኼኛው ቀላል ነው፤ መስመሩን በቪ ቅርጽ ከፈት አድርጎ በኢፖክሲ ፑቲ መሙላት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ንጽጽር እንግባ። ፖሊስተር ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በየቦታው ይገኛል። ሃርድነሩ (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) የሚጨመረው ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ስለሆነ እንደ አየሩ ማብዛትም መቀነስም ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ ጄልኮት በላዩ ላይ በደንብ ይይዛል። አካሉን መልሶ በጄልኮት ለሚጨርስ ሰው ፖሊስተር ትክክለኛ ምርጫ ነው። እናንተ ግን ልትቀቡ ነው። ይህ ጥቅም ለእናንተ አይሠራም።

ጉድለቱ ግን አብሯችሁ ይቆያል። ፖሊስተር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሳምንታት አልፈው የጥገናው ጠርዝ በአንጸባራቂ ቀለም ሥር የሚታየው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌ ፋይበርግላስ ላይ ያለው የመጣበቅ ኃይልም ከኢፖክሲ ያንሳል። ሽታው ደግሞ ከባድ ነው፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሞከርም።

ኢፖክሲ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፖሊስተሩን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ትከፍላላችሁ። ለአንድ ስንጥቅ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው። እምብዛም አይኮማተርም፣ አጥብቆ ይይዛል፣ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም። ጠባዩ ግን ጥብቅ ነው። ለምሳሌ ዌስት ሲስተም የሚባለው ምርት 105 ሬዚኑ ከ205 ሃርድነር ጋር የሚቀላቀለው 5 ለ1 ነው፤ አምስት እጅ ሬዚን በአንድ እጅ ሃርድነር። ቶሎ ይድረቅልኝ ብላችሁ ሃርድነር ብትጨምሩ የማይጠነክር ሙጫ ይሆንባችኋል። ፍጥነቱን የምትመርጡት ሲገዙ፣ በሃርድነሩ ዓይነት ነው። 205 የገባበት ቅልቅል በ22 ዲግሪ ሙቀት ኩባያ ውስጥ ሳይጠነክር የሚቆየው ወደ 10 ደቂቃ ብቻ ነው፤ 206 የሚባለው ሃርድነር እስከ 25 ደቂቃ ይሰጣል። ዱባይ ወይም ዶሃ ላሉ ወገኖቻችን በሐምሌ ሙቀት ሁለቱም ይፈጥናሉ። ለእነሱ ከሁለቱም የሚዘገየውን 209 ሃርድነር ነው የምመክረው። የተቀላቀለውን በጥልቅ ኩባያ አታቆዩት፤ ግሎ ሊጨስ ይችላል። ሰፋ ባለ ዝርግ ዕቃ ላይ አፍስሱት።

ጨርቁንም ከሬዚኑ ጋር አዛምዱ። የተከተፈ ክር ያለው ምንጣፍ የሚመስለው ማት ክሮቹ የተያያዙበት ሙጫ የሚሟሟው በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚባል ፈሳሽ ነው። ለኢፖክሲ የተሸመነ ወይም ባይአክሲያል (ክሩ በሁለት አቅጣጫ የተደረደረ) የሚባለውን ጨርቅ ውሰዱ። ብዙ ሰው ሬዚኑን በጥንቃቄ መርጦ ጨርቁን እንዲሁ ያነሳል።

ስለ ፑቲው አጭር ነው። ለብሎን ቀዳዳ፣ ለትንሽ ጭረትና ለጄልኮት ስንጥቅ ጥሩ ነው። በውስጡ የተዘረጋ ጨርቅ ስለሌለ ግን ጫና የሚያርፍበትን ክፍል ብቻውን አይሸከምም። የመኪና ስቱኮን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ ውሃ የሚነካው ክፍል ላይ አይግባ። ውስጡ ያለው የታልክ ዱቄት እርጥበት ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ማስተካከያ ካስፈለጋችሁ ኢፖክሲው ውስጥ ማይክሮባሉን የሚባለውን ቀላል መሙያ ዱቄት ጨምሩና እንደ ስቱኮ ቀቡት። በብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ይፈቀፈቃል።

ለሥራው ራሱ በጀት ስታወጡ ቦታውን አታሳንሱት። ኢፖክሲ ከተሰነጠቀው አካል ውፍረት 12 እጥፍ ስፋት ያለው ዝንባሌ፣ ማለትም ወደ ስንጥቁ እየቀጠነ የሚሄድ ሙርድ ይፈልጋል። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው በየጎኑ 36 ሚሊሜትር ትሞርዳላችሁ ማለት ነው። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች መጀመሪያ በትንሽ ድሪል ብሱ፤ አለበለዚያ መሮጡን ይቀጥላል። ጓንትና የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ከሬዚኑ እኩል የግዢ ዝርዝራችሁ ውስጥ ይግቡ። ኢፖክሲ ቆዳ ላይ ሲደጋገም የማይለቅ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ የፖሊስተሩ ሃርድነር ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ፖሊስተር ስትገዙ ኮባልቱ (የፖሊስተሩን መጠንከር የሚያፋጥነው ፈሳሽ) ለብቻው ከተሰጣችሁ ከሃርድነሩ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አታገናኙት፤ ይፈነዳል። ኮባልቱ በሬዚኑ ውስጥ በደንብ ከተማሰለ በኋላ ነው ሃርድነሩ የሚገባው።

ኢፖክሲው ከጠነከረ በኋላ ወዲያው አትሞርዱት። ፊቱ ላይ ሰም የሚመስል ቅባት ሊወጣ ይችላል። እሱን የሚያነሳው አሴቶን ሳይሆን ተራ ውሃና ሻካራ ስፖንጅ ነው። ታጥቦ ሲደርቅ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ በ120 ቀጥሉ፣ በ220 ጨርሱ። በላዩ ኢፖክሲ ፕራይመር ቀብታችሁ ብርሃን በአግድም አብሩበት። ጎድጓዳው የሚታየው ያኔ ስለሆነ፣ ካለ ቀለሙ ሳይከፈት አስተካክሉት።