ኢትዮሳትን በራሴ ካስተካከልኩ ከወራት በኋላ፦ የ90 ሳንቲሜትር ዲሽ ግምገማ

ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ቤቴ ጣሪያ ላይ የሰቀልኩት ባለ 90 ሳንቲሜትር ዲሽ ክረምቱን በደንብ ተወጥቶታል። ባለሙያ አልጠራሁም። ኮምፓስ፣ ውሃ ልክ፣ የብሎን መፍቻና ሪሲቨሩ በቂ ነበሩ።

ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ አቅጣጫው (ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሲለካ) 115 ዲግሪ፣ ከፍታው (ከአድማስ ወደ ላይ) ደግሞ 66 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ናይልሳት ግን በምዕራብ በኩል ነው ያለው፤ ከፍታውም 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ለናይልሳት የዞረ ዲሽ ካላችሁ ትንሽ ነካ ነካ በማድረግ አይመጣም፤ ከዜሮ ጀምሩ።

ዋናው ነገር ይሄ የኢትዮሳት ከፍታ ነው። ሳተላይቱ አናት ላይ ስለሚቀርብ ዲሹን ግራና ቀኝ አንድ ዲግሪ ብታዞሩት ሰማይ ላይ የሚንቀሳቀሰው ግማሽ ዲግሪ እንኳን አይሞላም። ወደ ላይና ወደ ታች ስታደርጉት ግን ይቅርታ የለውም። እኔ አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ምሰሶውን በውሃ ልክ ቀጥ በማድረግ ነው። ምሰሶው ካዘመመ ዲሹ በዞረ ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይቀያየራል፤ ፍለጋው ማለቂያ አይኖረውም። ከዚያ ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን ኤች (አግድም)፣ ሲምቦል ሬት 45000 አስገብቼ ኳሊቲውን (የሲግናሉን ጥራት) ብቻ ተከታተልኩ። ስትሬንግዝ የሚለው መስመር ሳተላይት ባይገኝም ከፍ ሊል ስለሚችል አትመኑት። ኳሊቲው ብቅ ካለ በኋላ ኤልኤንቢውን (ከዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) ራሱን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ብዙ መዞር ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ይቆራረጥ ነበር፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ራሱ ይመለሳል። ሲግናሉ ከላይ ስለሚመጣ በዝናቡ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ አጭር ነው። በኮኔክተሩ ውሃ እንዳይገባ በናስትሮ ጠቅልዬዋለሁ፤ እስካሁን ችግር የለም።

በመስቀል ሰሞን ደግሞ ረፋድ ላይ፣ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በጠራ ሰማይ ምስሉ ይጠፋል። ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምትሆን ነው። ዲሹን አትንኩት! መጋቢት መጀመሪያ ላይም ይደገማል። አዲስ ለሚሰቅል ሰው ግን ይህ ሰዓት ትልቅ ዕድል ነው፤ ዲሹ በትክክል ከተነጣጠረ የፀሐይዋ ነጸብራቅ ኤልኤንቢው ላይ ያርፋል። ፀሐይዋን ግን በቀጥታ አትዩ።

60 ሳንቲሜትሩ ይበቃል ወይ? በበጋ አዎ። ለዝናብ ግን 90ውን እመርጣለሁ፤ ነፋስ የበለጠ ቢመታውም። ያስከፋኝ አብረውት የመጡት ብሎኖች ናቸው፤ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ዝገዋል። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት በማይዝጉ እቀይራቸዋለሁ፤ ከመፍታቴ በፊት ግን የዲሹን ቦታ በማርከር ምልክት አደርግበታለሁ።