ማስረከብ ወይስ ማስመዝገብ?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በለገጣፎም ሆነ በሰበታ፣ መብራት በማይደርስበት ሰፈር ቤት የሠራ አባወራ የጦር መሣሪያህን አስረክብ ሲባል "ማታ ማን ይጠብቀኛል?" ይላል። እውነቱን ነው።

ከልክሎ የመሰብሰብ ትልቁ ምሳሌ አውስትራሊያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ከፊል አውቶማቲክ (ምላጩ በተሳበ ቁጥር ራሳቸው እየጎረሱ አንድ ጥይት የሚተኩሱ) ጠመንጃዎችን ከለከለች። ለባለቤቶቹ ገንዘብ ከፍላ ወደ 650,000 የሚጠጋ መሣሪያ ሰብስባ አወደመች። በጠመንጃ የሚሞተው ሰው፣ በተለይ ራሱን የሚያጠፋው፣ ቀነሰ። ቁጥሩ ቀድሞም እየወረደ ስለነበር ስንቱ የሕጉ ውጤት እንደሆነ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

የእኛው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ግን ፈቃድና ምዝገባ ላይ ያተኩራል። ምዝገባ መሣሪያው የማን እንደሆነ ለፖሊስ ይነግራል። ሲሰረቅ ለመከታተልም ይረዳል። የሰካራም ጠብን ግን አያስቆምም፤ አልጋ ስር የተደበቀ ሽጉጥ ያገኘ ሕፃንንም አያድንም።

እኔ ክላሽ ከመኖሪያ ቤት ይውጣ ባይ ነኝ። ግን በካሳ ይሁን፤ ከሁሉም ሰፈር እኩል ይሰበሰብ። አንዱ ጎረቤት አስረክቦ ሌላው ከደበቀ፣ ያስረከበው ይጋለጣል። ከዚያም በፊት ሌሊት ሲደወልለት ቶሎ የሚደርስ ፖሊስ ዳርቻው ላይ ይመደብ።