ዴፌራሲሮክስ፦ ከሚበጠበጠው የሚዋጠው ይሻላል

ልጄ ታላሴሚያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ የደም ማነስ ሕመም አለባት፤ የምንኖረው ዱባይ ነው፣ በየሦስት ሳምንቱ ደም ትወስዳለች። ከደሙ ጋር የሚገባው ብረት በራሱ አይወጣም፤ ጉበትና ልብ ላይ ብቻ ሳይሆን አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይም ይከማችና ዕድገትን ይገታል፣ ጉርምስናን ያዘገያል። ብረቱን የሚያስወጣላት ዴፌራሲሮክስ የሚባለው መድኃኒት ነው።

በውሃ የሚበጠበጠው ግን ስቃይ ነበር! እንደ ኖራ ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል፣ የቀረው ላይ ውሃ ጨመር አድርጋችሁ በጥብጣችሁ ካላጠጣችሁ መጠኑ ይጎድላል። የሚዋጠው ክኒን ገላገለን፤ መዋጥ ላቃተውም ተፈጭቶ እርጎ ላይ ይነሰነሳል። መጠናቸው ስለሚለያይ በራሳችሁ አትቀይሩ። ዋጋው ወገብ ይቆርጣል፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራውም አለ።

ደግሞ ክኒኑ ብቻውን ቁመት አይመልስም፤ የሆርሞን ሐኪም ያስፈልጋል። የኛ ክሊኒክ ቁመቷን የሚለካው እንኳ ስንጨቀጭቃቸው ነው።