ካት ላብ ለምትሠሩ ወገኖቼ፦ የጨረር ደህንነት ባለሙያችሁን ጥሩ

ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ካት ላብ (በኤክስሬይ እየታየ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ወደ ልብ የሚገባበት ክፍል) ውስጥ የምትሠሩ ነርሶችና ቴክኒሻኖች፣ ይህቺን አንብቡልኝ። የሆስፒታላችንን የጨረር ደህንነት ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን ፈልጌ ነው። ስሟ እንዲነሳ ስለማትወድ አልጠራውም።

እኛ ኤክስሬይ በርቶ ከታካሚው አጠገብ ነው የምንቆመው። ደረትና አንገታችንን ሌድ (ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ልብስ) ይሸፍነዋል። ዓይን ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። እህታችን መጥታ በሰው ምትክ የሚቀመጠውን ፕላስቲክ አልጋው ላይ አደረገች። መለኪያዋን እኔ በምቆምበት ቦታ፣ በዓይኔ ቁመት ያዘች። ማሽኑ ሲበራ ቁጥሩ ተተኮሰ። ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን የሌድ መስታወት ወደ አልጋው ሳብ ስታደርገው ወዲያው ወረደ። ወደ እኛ የሚመጣው ጨረር አብዛኛው ከታካሚው ገላ ነጥሮ የሚመለሰው ነው። "ታዲያ መስታወቱ ጥግ ቆሞ ምን ይሠራል?" አለችን።

ያስደነገጠኝ ግን ስለ ሌንሱ የነገረችን ነው። የዓይን ሌንስ የደም ሥር የለውም። የተበላሸ ሴል ጠርጎ የሚያወጣበት መንገድም የለውም። ጨረር የጎዳቸው ሴሎች ወደ ሌንሱ ጀርባ ሄደው ይከማቻሉ፤ የዓይን ሞራ ይሆናሉ። ቦታው መሃል ላይ ስለሆነ ማንበብ ያስቸግራል፤ ማታ ሲነዱ የመኪና መብራት ይበተናል። አያምም። ዓመታት ቆይቶ ነው የሚመጣው።

ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ለሠራተኛ ዓይን የሚፈቀደው መጠን በዓመት ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) እንዲወርድ መክሯል፤ 20ው የአምስት ዓመት አማካይ ነው። የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ደንብ ግን 150 ላይ ነው ያለው። ስለዚህ "ከገደቡ በታች ነህ" ቢሏችሁ እኔ በበኩሌ በዚያ ብቻ አልረጋም።

እሷም አልረጋችም። የሁላችንንም የሌድ መነጽር አንድ በአንድ ፊታችን ላይ አየች። በጎን መከለያ አለው? ጉንጭ ጋ ክፍተት አለው? ጨረሩ ከታችና ከጎን ስለሚመጣ ሰፊ ክፍተት ካለ መነጽሩ ብዙም አይረዳም። የማየት ችግር ላለብን በቁጥራችን አሠራችልን። አንገት ላይ ከሌዱ ውጪ የሚንጠለጠል፣ የሚደርስብንን ጨረር የሚለካ ባጅም ሰጠችን።

በየሆስፒታላችሁ የጨረር ደህንነት ክፍል አለ። ደውሉና "ዓይኔ ጋ የሚደርሰውን ለኩልኝ" በሉ፤ ሥራቸው ነው። የዓይን ሐኪም ጋ ስትሄዱም ካት ላብ እንደምትሠሩ ንገሩ፤ ብሌኑን በጠብታ አስፍተው የሌንሱን ጀርባ ይዩላችሁ።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።