ጅማ ውስጥ የመኪና ቦዲ ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትሰጡ

ወገን አሁን ከጋራዡ መመለሴ ነው፣ ልብሴን እንኳን አልቀየርኩም፣ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው ስለዚህ ፊደል ብስት እለፉኝ። ስሙን አልጠራም። ግን ዓይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ቀብድ ሲቀበል "እህቴ አታስቢ፣ እንደ ራሴ መኪና ነው የምሠራልሽ" የሚለው፣ ከዛ በኋላ ስልክ የማያነሳው፣ ካነሳም "ቀለም ብቻ ነው የቀረው ነገ ጠዋት ነይ" የሚለው፣ ከሰዓት ከሄዳችሁ ደሞ ምርቃና ላይ ሆኖ ለሁሉም ነገር እሺ እሺ የሚለው። እሱ ነው።

የባለቤቴ አባት ከአጋሮና ከጌራ ቡና ሲያመላልሱበት የነበረ አሮጌ ኤፍኤስአር አለን፣ ያው ሰው አልቃይዳ እያለ የሚሸሸው አይሱዙ። ጭነት ካቆመ ቆይቷል። ከምንሸጠው ለምን ሳንቃውን አውርደን የምናድርበት ቤት አናስገጥምበትም ተባባልን፣ አልጋ፣ ትንሽ ማብሰያ፣ ሶላር፣ የውሃ ሮቶ፣ በቃ። ልጆቹን ይዘን ቦንጋ፣ ካፋ ጫካ ውስጥ ማደር፣ እግዜር ካለ ደሞ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ድረስ ሄደን ዝሆን ማሳየት። ዘመድ ሁሉ አበዳችሁ እንዴ አለን፣ ይበል።

አንድ ነገር ግን ገና ሳይጀምር አስረግጬ ነግሬዋለሁ። የከባድ መኪና ሻንሲ ሲያዩት አይነቃነቅም ያስብላል እንጂ ይጠመዘዛል፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ሲገባ ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች እየተጣመሙ ነው የሚሄዱት፣ የተሠሩትም እንዲጣመሙ ነው። ክፍት ሳንቃ ይሄን ይችለዋል። ዙሪያውን የተዘጋ ቤት ግን አይችልም፣ ወይ እሱ ይሰነጠቃል ወይ ሻንሲውን ይሰነጥቃል። ዩኒሞግ የሚባለው ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠራ የጀርመን ከባድ መኪና ላይ የሚጫነው ቤት ብዙ ጊዜ በሦስት ነጥብ ብቻ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። አይሱዙ ላይ ደሞ ቤቱ የራሱ ፍሬም ይሠራለትና ከኋላ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ከፊት በኩል ግን ስፕሪንግ ባለው ብሎን ይያዛል፣ ሻንሲው ሲጠመዘዝ ቤቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ እንዲል። ሻንሲው ላይ ቀጥታ መበየድ ጭራሽ አይደረግም፣ ስንጥቅ የሚነሳው ከብየዳው ጠርዝ ነውና። ይሄን ሁሉ በወረቀት ሥዬ ሰጠሁት። ስፕሪንጎቹንና ወፋፍራም ብሎኖቹን ራሴ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሄጄ ገዝቼ አመጣሁ፣ ትንሿ ልጄ መኪናችን እንዲያምር ብላ እያንዳንዱ ማሰሪያ ብረት ላይ በሐምራዊ የጥፍር ቀለም ኮከብ ሳለችበት። ሰውዬው ሥዕሉን ገረፍ አድርጎ አየና አጥፎ ለባሌ ሰጠው። ለባሌ! ባሌ እኮ አስተማሪ ነው፣ ክሪክ የት እንደሚገባ እንኳን አያውቅም።

ስንረከበው ያምር ነበር፣ አልዋሽም። ከሥር ዙሪያውን በላሜራ ሸፍኖታል፣ "ጭቃ እንዳይገባ ብዬ ነው፣ ምርቃት ነው" አለን። ቀሪውን ከፍለን ወጣን።

እስከ ቦንጋ በአስፋልቱ ምንም አልነበረም። ወደ ማንኪራ በኩል ፒስታውን ስንይዝ ነው ቤቱ መንቋቋት የጀመረው። አንዱ ጎማ ከፍ ሲል በሩ አልከፈት አለ፣ ሜዳ ላይ ስንወርድ ደሞ ራሱ ብርግድ። ማታ ዝናብ መጣ፣ የካፋን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የፊተኛው ጥግ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቶ ውሃው ቀጥታ ልጆቹ ፍራሽ ላይ። ጋቢና ውስጥ ተደራርበን አደርን። ግድግዳው ውስጥ ፎም ነው ብሎ ያስከፈለን ካርቶን ሆኖ ተገኘ፣ ረጥቦ ሲገነጠል የዘይት ካርቶን መሆኑ ይነበባል። የሶላር ባትሪ ተብሎ የተገጠመውም ተራ የመኪና ማስነሻ ባትሪ ነው፣ አምፖል ሳይቀር አንድ ሌሊት አላደረሰም። እነዚህን ልለፋቸው፣ ሌብነት ነው፣ ለምደነዋል። የዛሬው ግን ሌላ ነው።

ጠዋት ይዤው ገባሁ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ በዳቦ ይበላል። ቤቱ ተሰነጠቀ አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። "ባለቤትሽስ?" አለኝ። ሥራ ላይ ነው፣ ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ የከፈልኩትም እኔ ነኝ አልኩት። "እሱ ይምጣና እንነጋገራለን፣ አንቺን ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሻል" አለ፣ ሠራተኞቹ ሳቁ። ላሜራውን ፍቱልኝ አልኩ። የተንቀሳቀሰ የለም። ከራሴ መኪና ቁልፍ አውጥቼ መሬት ላይ ተንበርክኬ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፣ ቆመው ያያሉ፣ አንዱ ጭራሽ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኛል። ላሜራው ሲወርድ ፍሬም የለ፣ ስፕሪንግ የለ፣ አንድም የኔ ብሎን የለ። ቤቱን ሻንሲው ላይ ለጥፎ በይዶት ጥቁር ቀለም ቀብቶበታል። በግራ በኩል ብየዳው ለቅቆ ስንጥቁ ሻንሲው ውስጥ ገብቷል። የጎጀብን ቁልቁለት ልጆቼን ይዤ በዛ ብየዳ ነው የወረድኩት።

ከመሬት ስነሳ አጠገቤ የውሃ ቦቴ የሚገጠምለት ሌላ አይሱዙ ቆሟል። ታንከሩ የተቀመጠው ስፕሪንግ ላይ ነው። ልክ እኔ እንደሣልኩት፣ ከኋላ ጥብቅ፣ ከፊት በስፕሪንግ። ቀረብ ብዬ አየሁ። ማሰሪያው ላይ ሐምራዊ ኮከብ። ቀጣዩም ላይ። አንዱን ግራሶ ሸፍኖት በጣቴ ጠረግኩት፣ እሱም ላይ አለ።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ሰውዬው ዳቦውን እያኘከ መጣ። ቢክደኝ ይሻል ነበር እኮ፣ አልካደም፣ አልደነገጠም፣ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። "አዎ ያንቺ ናቸው" አለኝ፣ እንደዋዛ። "ያንቺ መኪና የሽርሽር ነው እህቴ። ይሄ የሥራ መኪና ነው፣ ውሃ ተሸክሞ ይዞራል። አሮጌ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ስፕሪንግ ማባከን ነው፣ በባለሙያ ዓይን አይቼ ነው የወሰንኩት።" በባለሙያ ዓይን! ለቦቴው ባለቤት በስንት ሸጥክለት ስለው "እሱ አይመለከትሽም" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ሒሳብ የምትቀበለዋ ጋ ገባሁ። ደረሰኜን ሳትነካው አይታ "የቦዲ ሥራ ነው የሚለው፣ ቦዲ ተሠርቶልሽ የለ እንዴ?" አለችና ሙዟን መላጥ ቀጠለች። ስወጣ ከኋላዬ አንዱ "ቤቷ አልጋ የላትም እንዴ መኪና ውስጥ የምትተኛው" ሲል ሰምቻለሁ። ዞሬ ልመልስለት ነበር፣ ድምፄ አልወጣ አለኝ።

ነገ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነኝ፣ ፎቶውም ቪዲዮውም በእጄ ነው፣ እነሱ የቀረጹትንም ቢለቁት ይጠቅመኛል።

እናንተ ከማሠራታችሁ በፊት፣ ያቀረባችሁትን ዕቃ ሁሉ ደረሰኙ ላይ በስሙ አስጽፉ፣ በላሜራ ሳይሸፈን ከሥር ግቡና እዩ፣ ቀሪውን ሳትከፍሉ አንዱን የፊት ጎማ ትልቅ ድንጋይ ላይ አስወጥታችሁ የቤቱን በር ክፈቱ ዝጉ፣ አልከፈት ወይ አልዘጋ ካለ አትክፈሉ። የሲሊንደር ጋዝ የምታስገቡ ደሞ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ መውጫ ቀዳዳው ከታች መሆን አለበት፣ የኔን "ብርድ ያስገባል" ብሎ በሲሊኮን ደፍኖት ነው ያገኘሁት።

የቦቴው ባለቤት፣ ምናልባት ይሄ ከደረሰህ፣ ወንድሜ ካንተ ጋር ጸብ የለኝም። ጎንበስ ብለህ ከጋቢናው ኋላ ማሰሪያዎቹን እያቸው፣ ሐምራዊ ኮከብ ካለባቸው የኔ ናቸው። ለስፕሪንጎቹ ስንት እንዳስከፈለህና ደረሰኝ ከሰጠህ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ነገ ከመሄዴ በፊት ቢደርሰኝ ጥሩ ነበር።