«ከጓሯችን» ብለው የሚሸጡትን አትክልት ሳታዩ አትክፈሉ

የማኅበር እንግዶቼን ሸኝቼ ገና መቀመጤ ነው። ንዴቴ አልበረደም። ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው።

የሻጩን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ቻናል አለው። ጤዛ ያረፈበት ሰላጣ ፎቶ ይለጥፋል። «ከጓሯችን ወደ ማዕድዎ፣ ያለ ማዳበሪያ፣ ያለ መድኃኒት» ይላል። ዋጋው የገበያው እጥፍ ነው። በቴሌብር ቅድሚያ ትከፍላላችሁ፣ ስክሪንሾት ትልካላችሁ፣ በማግስቱ ባጃጅ በራችሁ ላይ ይቆማል።

እኔ የአራት ካርቶን ሂሳብ፣ 4,800 ብር፣ አንዴ ነው የላክሁት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እናቴ ስኳር አለባት፤ ቅጠላ ቅጠል አብዢ ተብላለች። እኔ ደግሞ ከሥራ ወጥቼ እዚህ ጎንደር አራዳ ገበያ ስደርስ የሚጠብቀኝ ሰው መርጦ የተወው ነው። በር ድረስ የሚያመጣልኝ ሳገኝ እፎይ አልሁ።

የመጀመሪያው ካርቶን ጥሩ ነበር። ካሮቱ ላይ እርጥብ አፈር ነበረበት። ያን አፈር በጣቴ ጠረግ አድርጌ ለጎረቤቴ አሳየኋት። «እዪ፣ አሁን የተነቀለ እኮ ነው» አልኋት። ሁለተኛውም ደህና ነበር። ሦስተኛው ላይ ቆስጣው ጠውልጎ መጣ። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍሁት።

አራተኛው የትናንቱ ነው። ዛሬ መጋቢት 27፣ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር በእኔ ተራ ነበር። ቀደም ብዬ ነግሬዋለሁ። «እትዬ፣ እርስዎ ምንም አያስቡ፤ ምርጥ ምርጡን ለቅመን እንልክልዎታለን» ብሎ ጽፎልኛል። መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ካርቶኑ በፕላስተር ተጠቅልሎ መጣ። ልጁ አስቀምጦ ሄደ። ስከፍተው ከላይ ቲማቲሙ ያብረቀርቃል። ከሥሩ የተነጠፈውን ጋዜጣ ሳነሳ ሽታው ፊቴን መታኝ። ቆስጣውና ሰላጣው ውሃ ተርከፍክፎባቸው ፌስታል ውስጥ ጥርቅም ተደርገው ታስረዋል። ውሃው ለሚዛን ነው። ቅጠል ከነውሃው እንዲህ ታፍኖ በሙቀት ከዋለ እንደሚበሰብስ አትክልት የሚሸጥ ሰው አያጣውም። እጄን ስሰድ ጥቁር፣ የሚያሟልጭ ነገር ይዞ ወጣ። ድንቹ ብርሃን ላይ ከርሞ አረንጓዴ ሆኗል፤ ያ መራራው፣ ሆድ የሚያሳምመው። ቲማቲሞቹን ገለበጥኋቸው። የበሰበሰው ጎናቸው ወደ ታች ነው የተደረደረው። የሁሉም። ሰው አስቦበት፣ አንድ በአንድ አዙሮ ነው ያስቀመጣቸው።

ሱቅ ወስጄ አስመዘንሁት። 8 ኪሎ የተባለው ከነካርቶኑ፣ ከነእርጥብ ጋዜጣው 6 ኪሎ ከሩብ ወጣ። እናቴ «በመድኃኔ ዓለም ዋዜማ» አለችና ሌላ ነገር ሳትጨምር ወደ ጓዳ ገባች።

ስልኩ አይነሳም። የባጃጁን ልጅ ለምኜ የሚጭንበትን ቦታ ነገረኝ። ካርቶኑን ይዤ ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ በሐሳቤ የነበረው ግቢ ነው። አጥር፣ መደብ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያርም ሰው። የደረስሁት ከገበያው ብዙም የማይርቅ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነው።

በሩ ክፍት ነበር። የቲማቲም የእንጨት ሳጥን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ሽንኩርት በጆንያ ቆሟል። ሁለት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ፊት ለፊቷ ንጹሕ የታጠበ ካሮት በሳፋ ሙሉ አለ። አጠገቧ ትሪ አለ። ትሪው ላይ በውሃ የራሰ ጥቁር አፈር ተዘርግቷል። ልጅቱ ካሮቱን ታነሳለች፣ አፈሩ ላይ ታንከባልለዋለች፣ አራገፍ ታደርገዋለች፣ ካርቶን ውስጥ ታስገባዋለች። ሌላ ታነሳለች። ታንከባልላለች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።

እግሬ መሬቱ ላይ ተተከለ። ያን አፈር ነው እኮ እኔ በጣቴ ጠርጌ ለሰው ያሳየሁት።

ሻጩ ከውስጥ ወጣ። «ምን ፈለግሽ?» አለኝ። በጽሑፍ «እርስዎ» ነበርሁ። ብሩ ከገባ በኋላ «አንቺ» ሆንሁ። ካርቶኑን ከፍቼ አሳየሁት። ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። «ጓሮው የታለ?» አልሁት።

«ሴትዮ፣ ጓሮ ያልነው ለማስታወቂያ ነው። አትክልት ያው ከአፈር ነው የሚወጣው።»

ልጆቹ ሳቁ። ያቺ ካሮት የምታንከባልለውም ሳቀች። «ነገ ማኅበር አለብኝ» አልሁት። ለምን እንደነገርሁት አላውቅም። ምናልባት ያፍራል ብዬ ይሆናል። በአገጩ ወደ ውጭ እያመለከተ «እና ገበያው እዚያ ነው፤ ሂጂና ግዢ» አለኝ።

ሄጄም ገዛሁ። መሽቶ ነበር፤ ያገኘሁትን ሰብስቤ ተመለስሁ።

ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የራሴ ሞኝነት ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጎንደር ነው። የአንገረብ ግድብ ለከተማው እንደማይበቃ፣ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ ጄሪካን ይዤ ተሰልፌ አውቀዋለሁ። በመጋቢት፣ ምድር በደረቀበት ወር፣ ለዚያ ሁሉ ደንበኛ በየሳምንቱ ቲማቲምና ሰላጣ የሚያደርስ ጓሮ ከየት አምጥቶ ነው ውሃ የሚጠጣው? አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። የእናቴ ወንድሞች ፎገራ፣ ወረታ ከተማ ናቸው። በርብና በጉማራ ወንዞች መስኖ የለማው የፎገራ ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ተሞልቶ አይሱዙ ላይ ሲጫን ልጅ ሆኜ ቆሜ አይቻለሁ። ትናንት ሳጥኖቹን ሳይ ወዲያው ነው ያወቅኋቸው። በፎገራ ቲማቲም ቅሬታ የለኝም። የፎገራ ነው ብሎ በገበያ ዋጋ ቢሸጥልኝ አመስግኜ እገዛው ነበር። እጥፍ የከፈልሁት ግን ለጓሮው ነው። ጓሮው ደግሞ ትሪ ላይ ያለች አፈር ናት።

የእውነት በግቢያቸው አልምተው፣ ጎመን በእስር ይዘው በየቤቱ የሚያዞሩ እናቶች አሉ። ከእንግዲህ እነሱ ሲያንኳኩ ማን ያምናቸዋል? ይህም ያንገበግበኛል።

ማታውኑ ከቻናሉ አስወጡኝ። ጎረቤቴ ግን ገና ውስጥ አለች። ዛሬ ለማኅበሩ ወጥ ልታግዘኝ መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። አዲስ ፎቶ ለጥፈዋል። አፈር የለበሰ ካሮት ነው። ከሥሩ «አሁን የተነቀለ» ይላል። ልትከፍል ነበር።

ቅድሚያ አትክፈሉ። ጓሮ አለን ካሏችሁ ሄዳችሁ እዩት። ካርቶኑን ባጃጁ ሳይሄድ ከታች ጀምራችሁ ፈትሹት፣ አስመዝኑት። ደረሰኝም ጠይቁ፤ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መብታችሁ ነው። እኔ አልጠየቅሁም። በእጄ ያለው የቴሌብሩ ስክሪንሾትና ያ «እርስዎ ምንም አያስቡ» የሚለው መልእክት ብቻ ነው። ቢሮ ሲከፈት እሱኑ ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።